ሰባተኛው አልጋ ላይ ተኝታ ስለተገኘችው ነርስ

ለክቡር ኦቦ ጨመዳ
የቢቂልቱ ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከረሙ? ሐምሌ እንዴት ያዝዎት? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብቶችዎ፣ ጎረቤቶችዎ፣ የጓሮ ቡናዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? በወለጋ ሰላምታ ተቆንጥሮ አይሰጥምና አንድም ሳላስቀር ጠይቄያለሁ፤ ለሁሉም ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። በተለይ ለወገብዎ ጤና አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ሰው እንደ እርስዎ ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበሩ ሳይነሣ ሲሠራ መጀመሪያ የሚጎዳው ወገቡ ነው ይባላል።

ከስምዎ ሥር "ባሉበት" ብዬ የጻፍኩት የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ የት እንዳሉ ጠፍቶኝ አይደለም። የት እንዳሉማ በሆስፒታልዎ ኮምፒውተር ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆነው ሲያበሩ ማንም ያየዋል። ወደዚያ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ማንነቴን ላስተዋውቅ። ሃሩን እባላለሁ፤ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ። እናትና አባቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ እኔም እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አስተምሬ፣ አገር ሲታመስ ደግሞ እናቴን ይዤ ነቀምቴ ገባሁ። ዛሬ በበከኒሳ ቀሴ ክፍለ ከተማ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሰዒዳ የምትባለው እናቴ በዚህ ሐምሌ ወባ ጥሏት በሆስፒታልዎ አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል፣ ሰባተኛው አልጋ ላይ ታክማ ድና ወጥታለች። ስለዚህ ቂም ይዞ የመጣ ሰው አልምሰልዎ፤ እናቱ የዳነችለት ሰው ነኝ።

የምጽፍልዎ እናቴን ስላስታመመችው ነርስ፣ ስለ ሲስተር ድርቤ ነው። በሥራ ሰዓት የበሽተኛ አልጋ ላይ ተኝታለች ተብላ ተከሳ ከሥራ ታግዳለች፤ የፊታችን ሰኞ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ትሰናበት አትሰናበት የሚለውን ይወስናል፤ ውሳኔው የሚጸናው ደግሞ በእርስዎ ፊርማ ነው። ከዚህ በፊት በአፋን ኦሮሞ ደጋግሜ ማመልከቻ አስገብቼ መልስ ባጣ፣ ጥፋቱ ከአጻጻፌ ይሆናል ብዬ ራሴን ጠርጥሬ ይህንን አፌን በፈታሁበት ቋንቋ ጻፍኩት፤ ለእርስዎ ብቻ ብልከው እንደ ወንድሞቹ መንገድ ላይ ይቀራል ብዬም ስለጠረጠርኩ ግልጽ ደብዳቤ አደረግሁት።

አስቀድሜ ግን ላመስግንዎ። ሰውም ዕቃም የት እንዳለ የሚያውቅ ማሽን ወደ ከተማችን ያስገቡት እርስዎ ነዎት። ላላዩት አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ፦ ሠራተኛው፣ አስታማሚው፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሁሉ ከኮት ቁልፍ ትንሽ ተለቅ የምትል ባጅ ተሰጥቶታል። ባጇ ያለማቋረጥ ጆሮ የማይሰማው የሬዲዮ ምልክት ትልካለች፤ በየክፍሉ ጣሪያ ጥግ የተሰቀሉ ነጫጭ ሣጥኖች ምልክቷን ይቀበላሉ፤ ለአንዱ ሣጥን በርታ፣ ለሌላው ደከም ብላ ስትደርስ ኮምፒውተሩ ከዚህኛው ይህን ያህል፣ ከዚያኛው ያንን ያህል ትርቃለች ብሎ አስልቶ በሕንፃው ካርታ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ነጥቧም ባጇ ስትሄድ ትሄዳለች፣ ስትቆም ትቆማለች። ሠራተኛ አረንጓዴ፣ ዕቃ ሰማያዊ፣ አስታማሚ ቢጫ ነው። እኔ ቢጫ ነበርኩ።

አልዋሽዎትም፣ ባጇን አንገቴ ላይ ሲያጠልቁልኝ ወድጄው ነበር። ከኪራሙ በወጣንበት ሰሞን እናቴ በግርግሩ ከእጄ ጠፍታብኝ፣ ሰው በተጠለለበት ትምህርት ቤትና መጋዘን ሁሉ እየገባሁ ስሟን ስጣራ ሰንብቻለሁ፤ ያን ጊዜ እሷ ያለችበትን የሚያውቅ ሣጥን ቢኖር እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። ስለዚህ ሰው የት እንዳለ ማወቅን አልቃወምም፤ እናት ጠፍታበት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይቃወምም። ነገር ግን በጠፋን ጊዜ ማንም ያልፈለገንን ሰዎች፣ ተገኝተን አልጋ ላይ ከወጣን በኋላ እንዲህ አጥብቆ መከታተል ለምን እንዳስፈለገ ሳስብ ጥርጣሬዬ ይነሣብኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ አንዴ ተመንጥሬያለሁ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስለ ሰላምታ።

ከእናቴ ክፍል በኮሪደሩ ማዶ ባለው የሕፃናት ክፍል ሌሊሳ የሚባል የልጅ ልጃቸው ታሞባቸው ከኑኑ ቁምባ የመጡ ኦቦ ደረሳ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ኦቦ ደረሳን ጠዋት ኮሪደር ላይ አግኝቶ "አካም ጅርቱ" ብሎ ብቻ ማለፍ ነውር ነው፤ እሳቸው ስለ እናቴ ትኩሳትና ስለሚያፈሰው የኪራይ ቤቴ ጣሪያ ይጠይቁኛል፣ እኔም ስለ ልጁ ሳል፣ እቤት ስለቀረው በቆሎና ልትወልድ ስለተቃረበችው ላማቸው እጠይቃቸዋለሁ፤ እንደገናም ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ማሽንዎ ግን ሁለት ቢጫ ነጥቦች ተጣብቀው መቆየታቸውን ሲያይ "መሰባሰብ" ብሎ ቀይ መብራት ያበራል፤ ጥበቃውም መጥቶ ምን እየመከርን እንደሆነ ይጠይቀናል። ኦቦ ደረሳ ስለ ላም ነው ብለው እውነቱን በነገሩት ጊዜ ይበልጥ ጠረጠረን። በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩ ጥበቃ ሲመጣ ልብ ምን እንደሚል እርስዎም የሚያውቁት ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ኩርፊያ ያለን ይመስል በሩቁ ራሳችንን እየነቀነቅን መተላለፍ ጀመርን፤ ይህም ለጸጥታው ሳይበጅ አልቀረም።

ሁለተኛ። ስለ ጋውኑ።

ሠራተኞች ባጃቸውን እየረሱ ቢያስቸግሩ፣ ነርሶች ሁሉ ባጃቸውን ነጭ ጋውናቸው ላይ እንዲያሰፉ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ብልህ ትእዛዝ ነው፤ ባጅ ይረሳል፣ ጋውን ግን አይረሳም። እርስዎ ያላሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋውን ይወልቃል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እናቴን የወባው ብርድ ያንቀጠቅጣት ጀመር። የሆስፒታሉ ትርፍ ብርድ ልብሶች ታጥበው ከተሰጡ ወዲህ ፀሐይ ስላልወጣ አልደረቁም፤ ባለው በአንዱ ላይ የእኔን ጋቢ ደርቤበታለሁ፤ ጃኬቴ እንደሆነ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ርሶብኛል። የአልጋው ብረት እስኪንቋቋ ድረስ ስትንቀጠቀጥ ሲስተር ድርቤ ገባች፤ በአገሯ ቋንቋ "ሃርሜ" ብላ፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ ጋውኗን አውልቃ ደረቷ ላይ አለበሰቻትና ዳርና ዳሩን ከጎኗ ሥር ጠቀጠቀችላት። እናቴ ደግሞ የወሎ ሰው ናትና በዚያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ውስጥ ሆና ነርሷን ማጽናናት ያዘች፤ ጥርሷ እየተፋጨ "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" ትላት ነበር። ሲስተር ድርቤ በስስ ሹራቧ ሥራዋን ቀጠለች። እናቴ ሲሞቃት እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጋውኑም አብሯት ተኛ።

ወንጀሉ ይኸው ነው። ማሽንዎ ግን ሲስተር ድርቤ ሰባተኛው አልጋ ላይ ወጥታ እስከ ምሽት ድረስ ሳትገላበጥ መተኛቷን አረጋገጠ። አልጋው አንድ ሰው በጭንቅ የሚይዝ ጠባብ አልጋ ነው፤ እናቴ ተኝታበታለች፤ ታዲያ አንዲት ሙሉ ነርስ ከላይዋ ተጋድማባት በወባ የደቀቀች ባልቴት እንዴት አልጮኸችም ብዬ ኮሚቴውን በትሕትና ብጠይቅ፣ ጥያቄው ቴክኒካዊ ስለሆነ መልስ አይሰጥበትም ተባልኩ። እናቴ ራሷ በእኔ ትከሻ ተደግፋ ቀርባ፣ ጋውኑን አልብሳኝ ነው እንጂ ልጅቷስ አልተኛችም ብላ ብትመሰክር፣ በዕለቱ ትኩሳት ስለነበራት ቃሏ አይታመንም ተባለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ትኩሳት ያልነበረበት ማሽኑ ብቻ ነው መሰለኝ።

ሦስተኛ። ስለ እኔ ክብር።

በዚያ ሰዓት ከአልጋው ራስጌ፣ መድኃኒት ከሚቀመጥበት የብረት ቁም ሣጥን አጠገብ ቆሜ ሁሉን ያየሁ እኔ ነኝና ልመሰክር ቀረብኩ። የማሽኑ ባለሙያ አቶ ኢቢሳ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የዕለቱን ቢጫ ነጥቤን ሲያወጣት፣ ነጥቤ ከግድግዳው ማዶ ሴቶች መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆማ ተገኘች። የኮሚቴው አባላት አንድ በአንድ ቀና እያሉ አዩኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ኮፍያቸውን የሚያወልቁልኝ፣ መስጊድ ስገባም ቦታ የሚለቀቅልኝ ሰው ነኝ፤ የምገባበት መሬት ጠፋኝ። አቶ ኢቢሳ አዝኖልኝ ምልክቱ ብረት ሲያገኝ እንደሚነጥር፣ ዝናብ የጠጣ ግድግዳም እንደሚያሳስተው፣ ነጥቡ ስለዚህ ሊዘል እንደሚችል ለማስረዳት ጀምሮ ነበር፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ማሽኑን መጠራጠር ማሽኑ እንዲገባ የወሰነውን አካል መጠራጠር ነው ብለው አስቆሙት። ስለዚህ በአልጋው አጠገብ እንዳልነበርኩ ተመዝግቦ ምስክርነቴ ውድቅ ሆነ። የመታጠቢያ ቤቱ ጉዳይ ለብቻው ይታያል ተብያለሁ፤ እየጠበቅሁ ነው።

አራተኛ። ብቻውን ስለሚሄደው ሲሊንደር።

በዚያው ከሰዓት፣ ጋውኑ እናቴ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ የኦቦ ደረሳ የልጅ ልጅ ሌሊሳ ትንፋሽ አጠረው። ሲስተር ድርቤ ወደ ዕቃ ክፍል ሮጣ የኦክስጅን ሲሊንደሩን በጋሪው እየገፋች በፊቴ ስታልፍ በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ልጁ በደንብ መተንፈስ እስኪጀምር ድረስም ከጎኑ አልተለየችም። ይህን ኮሚቴው እንዲያይልኝ ለምኜ ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ ሁላችንም አየን። የሲሊንደሩ ሰማያዊ ነጥብ ከዕቃ ክፍሉ ይነሣል፣ ኮሪደሩን ይዞ ይገሰግሳል፣ ማዕዘኑ ላይ ይታጠፋል፣ ቤቱን እንደሚያውቅ በቅሎ ቀጥ ብሎ የሌሊሳ አልጋ አጠገብ ይቆማል። በአጠገቡ አንድም አረንጓዴ ነጥብ የለም። ማን ገፋው ብዬ ብጠይቅ መረጃ የለም ተባለ።

እንኳን ደስ አለዎት፤ በሆስፒታልዎ ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው ኦክስጅኑ ራሱ ሰምቶ ተነሥቶ ይሄዳል ማለት ነው፤ ይህን የመሰለ ሲሊንደር በሌላ አገር ስለመኖሩ አልሰማሁም። እዚህ ላይ ግን ፌዙን ለአፍታ ላቁመውና በግልጽ ልናገር፤ ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ልጁ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ያዳነው ሰው ግን የለም። ያን ከሰዓት ሲስተር ድርቤ የሠራችውን ሥራ ሁሉ ማንም አልሠራውም፤ እሷ የተገኘችው ተኝታ ብቻ ነው።

አምስተኛ። ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው።

ጉዳዩን በቃል ላስረዳዎ ቢሮዎ በተመላለስኩበት ጊዜ ሁሉ ጸሐፊዎ አዴ ኬኔ በመልካም ፊት ተቀብላ አግዳሚው ላይ አስቀምጣኛለች። ኦቦ ጨመዳ አሉ ወይ ስላት፣ አሉ ትለኛለች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለሚቀር እኔም አያለሁ፤ ጥቁር ሰማያዊ ኮትዎ ወንበርዎ መደገፊያ ላይ ትከሻውን ዘርግቶ ተቀምጧል፣ ባጅዎም ኮሌታው ላይ ተሰክታለች። ኮት ወንበር ላይ ካለ ባለቤቱ ሩቅ አልሄደም ማለት በአገራችን ቢሮ ሁሉ የታወቀ ወግ ነው፤ ባለጉዳይ ሁሉ ኮት እያየ ተስፋ አድርጎ ያደገ ነው፤ ይህን ወግ ከሬዲዮ ምልክት ጋር ያጋቡት ግን እርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። ኮምፒውተሩም አረንጓዴ ነጥብዎ ከወንበሩ እንዳልተነሣች ይመሰክራል። እንዲህ ሆነን እኔ ኮቱን፣ ኮቱም እኔን እያየን ስንት ከሰዓት አሳለፍን። ትከሻው ላይ አቧራ ሲያርፍበት ባየሁ ጊዜ ገብቼ ላራግፍልዎ ቃጥቶኝ ነበር፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ማወክ ይሆንብኛል ብዬ ተውኩት። ከሥራ ገበታቸው ባለመለየት አርአያ የሆኑ ሠራተኞች ስም በማሽኑ ተጣርቶ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ከሁሉ በላይ የተጻፈው የእርስዎ ስም መሆኑንም አይቼ ደስ ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ኦቦ ደረሳን እንኳን ልጁን ማረልዎ ልል ኑኑ ቁምባ ወረድኩ። ላሟም ወልዳለች፤ ያለ ጥበቃ እንደልባችን ተጠያየቅን። ስመለስ በገበያው ሳቋርጥ፣ ሸሚዝ ብቻ የለበሰ፣ ቁርጥ እርስዎን የሚመስል ሰው የሙክት ወገብ እየጨበጠ ዋጋ ሲከራከር አየሁ። ቀርቤ "አካም ጅርቱ" ብዬ ሰላም ስለው በእርስዎ ድምፅ መለሰልኝ፤ ስለ ክረምቱም አንሥተን ተጨዋወትን፤ ካፊያው እየወረደ ኮት አለመልበሱን አይቼ አሳዘነኝ። ገለል ብዬ ለአዴ ኬኔ ስልክ ደወልኩና ኦቦ ጨመዳ ቢሮ ናቸው ወይ አልኳት፤ ናቸው፣ ኮምፒውተሩም ላይ ከወንበራቸው አልተነሡም አለችኝ። ዓይኔን ልመን ወይስ ማሽኑን? ዓይኔን ማመን እንደማይገባኝ ኮሚቴዎ አስተምሮኛል። ስለሆነም በመልክዎና በድምፅዎ የሚነግድ አንድ አጭበርባሪ በኑኑ ቁምባ የበግ ገበያ እየተዘዋወረ መሆኑን ለሚመለከተው ሁሉ በአክብሮት እጠቁማለሁ።

ክቡር ሆይ፣

አሁን የማቀርበው ልመና አጭር ነው። እርስዎ ይቀጡ አላልኩም፤ ሙክት መግዛት ወንጀል አይደለም። የምለው ኮትና ጋውን በአንድ ሕግ ይዳኙ ነው። ጋውኗ አልጋ ላይ ስለነበረ ነርሷ ተኝታ ነበር ካልን፣ ኮትዎም ወንበር ላይ ስለነበረ እርስዎ ሥራ ላይ ነበሩ፤ የኑኑ ቁምባውን ሰው ፖሊስ ይፈልገው። ኮቱ እርስዎ ካልሆነ ግን ጋውኑም ሲስተር ድርቤ አይደለም። በሁለቱ መካከል እኔ ያገኘሁት ልዩነት ቢኖር፣ ከእርሷ ጋውን ሥር አንዲት የምትንቀጠቀጥ እናት ነበረች፣ ከእርስዎ ኮት ሥር ደግሞ ወንበር ብቻ ነበረ። ኮሚቴው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

እናቴ ከዳነች ወዲህ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ያቺ ልጅ ሥራዋ ተመለሰች ወይ ብላ ነው። አልተመለሰችም ስላት በእኔ ብርድ የተነሣ እንጀራዋን አጣች ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። መሬቷን፣ ከብቷንና ጎረቤቷን ኪራሙ ትታ ስትመጣ ያላለቀሰች ሴት ናት፤ በዚህ ግን ታለቅሳለች። ከእገዳው ወዲህ ደግሞ ነርሶችዎ ተምረዋል። ለምርመራ እናቴን ይዤ በተመለስኩበት ቀን ሌላ የወባ በሽተኛ ሲንቀጠቀጥ አንዲት ነርስ እጇ ወደ ጋውኗ ቁልፍ ሄዶ፣ ወደ ጣሪያው ጥግ ቀና ብላ ነጩን ሣጥን አየችና እጇን መለሰችው። ብርድ ልብስ ፍለጋ ወጣች። በሽተኛው እስክትመለስ ድረስ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ እኔ አይቻለሁ፤ ማሽንዎ ግን ለበሽተኛ ባጅ አይሰጥምና አላየውም።

ስለ ሁሉም ነገር አመሰግንዎታለሁ። ሰውን በልብሱ መለየት ለሰለቸን ሰዎች ልብሱን ብቻ የሚለይ ማሽን ስላመጡልን አመሰግናለሁ። የሰባ ዓመት ባልቴት ቃል ሲወድቅ የአንዲት ቁልፍ የምታህል ባጅ ቃል እንዴት እንደሚቆም ስላሳዩን አመሰግናለሁ። አግዳሚዎም ምቹ ነው፤ ገለቶማ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ካላነሰ ጥርጣሬ ጋር፣ ጤናዎን፣ ወንበርዎንና ኮትዎን አላህ ይጠብቅልኝ እያልኩ እሰናበታለሁ፤

ሃሩን፣ የሰዒዳ ልጅ
የቀድሞ ቢጫ ነጥብ
ከበከኒሳ ቀሴ፣ ነቀምቴ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው፣ ሰኞ ከመሰብሰቡ በፊት
ለኦቦ ደረሳ፣ ኑኑ ቁምባ
ለኮትዎ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ከዚህ ደብዳቤ አንዱን ቅጂ ዓርብ ዕለት በኮትዎ የውስጥ ኪስ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ በቢሮዎ ዘወትር የማገኘው እሱን ብቻ ነውና በእጁ ብሰጠው ይሻላል ብዬ ነው። አዴ ኬኔን እንዳይጠረጥሯት፤ እኔንም ቢሆን ገብተሃል ብለው አይክሰሱኝ፣ ማሽኑን ቢጠይቁት ሴቶች መታጠቢያ ቤት ነበር ሳይልዎት አይቀርም። ወረቀቱ ደረት ላይ የሚቆረቁር ወፍራም ወረቀት ስለሆነ ኮቱ ውስጥ ያለ ሰው ሳያገኘው አይውልም። ስለዚህ እስከ ሰኞ ጠዋት መልስዎን እጠብቃለሁ። መልስ ካልመጣ ኮቱ ውስጥ ማንም እንዳልነበረ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ኮሚቴውም ለሲስተር ድርቤ ጎደላት ያለውን የታመነ ምስክር ከእርስዎ ከራስዎ አገኘ ማለት ነው።